«ሰላም» ለምን «ሰ» ብቻ ሆኖ ተጻፈ? ዋይድ ካራክተርን ወደ መልቲባይት ስለ መቀየር

ጥያቄ፦ በሲ የጻፍኩት አነስተኛ የመዝገብ ፕሮግራም አለኝ። ስሞችን በደብሊውቻር-ቲ፣ ማለትም ፊደልን በቁጥሯ በሚይዘው የዋይድ ካራክተር ዓይነት፣ እይዝና ፋይል ላይ ከመጻፌ በፊት በደብሊውሲኤስ-ቱ-ኤምቢኤስ ወደ ባይት እቀይራቸዋለሁ። ስሙ በእንግሊዝኛ ከሆነ ምንም ችግር የለም። በአማርኛ ሲሆን ግን ላፕቶፔ ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትወጣና ከኋላዋ ትርኪ ምርኪ ይከተላል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ ፕሮግራሙ ራሱ ይወድቃል። ባፈሩን፣ ውጤቱ የሚጻፍበትን የሚሞሪ ቦታ፣ የምይዘው ደብሊውሲኤስ-ለን በሚቆጥረው የፊደል ብዛት ላይ 1 ደምሬ ነው። ሴትሎኬልንም ጠርቻለሁ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ስህተቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ራስህ በጻፍከው ጥያቄ ውስጥ ይታያሉ። ላፕቶፕህ ላይ የምታየው የባፈር ልክ ጉዳይ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው የሎኬል፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚሠራበት የቋንቋና የኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የመጻፊያ መንገድ) ምርጫ፣ ጉዳይ ነው። በአንድ ፈንክሽን ስለመጡብህ አንድ መሰሉህ እንጂ አይገናኙም። የፈንክሽኖቹን ስም በንባባቸው ነው የምጽፈው፤ ኮድህ ውስጥ ስላሉ ለመለየት አትቸገርም።

ከላፕቶፑ ልነሳ። መዝገብህ ላይ ሰላም የምትባል ሰው አለች እንበል። ስሟ በዋይድ ካራክተር ሲያዝ ሦስት ቁጥር ነው፦ 4656፣ 4619፣ 4637። ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ፣ ለሰ፣ ለላ እና ለም የሰጣቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ደብሊውሲኤስ-ለን 3 ይልሃል፤ አልተሳሳተም። የዩኒኮድን ቁጥር በባይት ወደሚጽፈው ኢንኮዲንግ፣ ወደ ዩቲኤፍ-8፣ ሲቀየር ግን እያንዳንዷ ፊደል ሦስት ባይት ትፈልጋለች። ስሌቱን በእጅህ ልትሠራው ትችላለህ። 4656ን ለ4096 ስታካፍል 1 ይደርስና 560 ይተርፋል። 560ን ለ64 ስታካፍል 8 ይደርስና 48 ይተርፋል። 1 ላይ 224፣ 8 ላይ 128፣ 48 ላይም 128 ደምር፤ 225፣ 136፣ 176 ታገኛለህ። ፋይሉ ላይ ሰ ማለት እነዚህ ሦስት ባይቶች ናቸው። በዚሁ መንገድ ላ 225፣ 136፣ 139 ትሆናለች፤ ም 225፣ 136፣ 157። ዋናው የፊደላችን ሰፈር በዩኒኮድ ከ4608 እስከ 4991 ስለሆነ እዚያ ያሉት ሁሉ በ225 ይጀምራሉ። ይህን ቁጥር ያዘው፤ በኋላ ይጠቅምሃል።

እንግዲህ ሰላም ለመጻፍ 9 ባይት፣ የጽሑፉን መጨረሻ ለሚያሳየው ማብቂያ ዜሮ 1፣ በድምሩ 10 ባይት ያስፈልጋል። አንተ የያዝከው 3 ሲደመር 1፣ 4 ነው። ፈንክሽኑ ሰን በሦስቱ ባይት ጻፈ፤ ላ ሦስት ባይት ትፈልጋለች፣ የቀረው አንድ ነው፤ ፊደል ከሁለት አይሰነጥቅምና እዚያው ቆመ። አራተኛውን ባይት አልነካውም። ማብቂያ ዜሮ የለም ማለት ነው። ቀጥሎ የሚያነበው ፈንክሽን ሚሞሪው ውስጥ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ እየነዳ ይሄዳል፤ ትርኪ ምርኪው የሚመጣው ከዚያ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነች ያው ስህተት ተደብቆ ይኖራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ ለዚህ ነው ትንሽ የማቆይህ። መማሪያዎች «የመለሰልህ ቁጥር ከሰጠኸው ልክ ጋር እኩል ከሆነ ማብቂያ ዜሮ አልተጻፈም» ይሉሃል። እውነት ነው። ሰው ግን ይህን ገልብጦ ያነበዋል፤ «ካነሰ ተጽፏል» ብሎ ያርፋል። ያንተው ጉዳይ ይህን ያፈርሰዋል። ልኩ 4 ነው፣ የተመለሰው 3 ነው፣ 3 ከ4 ያንሳል፤ ዜሮው ግን የለም። በአንድ ባይት ፊደል ይህ ክፍተት ፈጽሞ ሊታይ አይችልም፣ ባፈሩ ወይ ይሞላል ወይ ዜሮው ይገባል። ፊደሉ ሦስት ባይት ሲሆን ግን መጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ባይት ትርፍ ሊቀር ይችላል፣ ቁጥሩም ያታልላል። የተመለሰውን ቁጥር ከልኩ ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ኮድ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አስተማማኝ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ደብሊውሲኤስ-ቱ-ኤምቢኤስን ትተህ መካከሉ ላይ አር ያለበትን ወንድሙን፣ ደብሊውሲኤስአር-ቱ-ኤምቢኤስን፣ ተጠቀም ነው። በ1995 በወጣው የሲ ስታንዳርድ ማሻሻያ የገባ ስለሆነ የትም ታገኘዋለህ። ትልቁ ጥቅሙ ምንጩን የሚቀበለው በፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) ላይ ፖይንተር አድርጎ መሆኑ ነው። ቀይሮ ሲጨርስ ያንን ፖይንተር ያስተካክልልሃል። እስከ ማብቂያው ዜሮ ደርሶ ከሆነ ነል፣ የትም የማያመለክት፣ ያደርገዋል፤ መንገድ ላይ ቦታ አልቆበት ከሆነ ያልተቀየረችው ፊደል ላይ ያቆመዋል። በ4 ባይት ሰላምን ብትሰጠው ፖይንተሩን ላ ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። ግምት አያስፈልግም፤ ነል ከሆነ አልቋል፣ ካልሆነ አላለቀም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቅየራውን ሁነታ የሚያስታውስ የኤምቢስቴት-ቲ ተለዋዋጭ አውጅና ሙሉ በሙሉ ዜሮ አድርገው። የምንጩን ፖይንተር ወደ ሌላ ፖይንተር ቅዳ፣ ፈንክሽኑ ስለሚነካው ዋናውን እንዳታጣው። ከዚያ መድረሻውን ነል አድርገህ ፈንክሽኑን ጥራው፤ ሳይጽፍ ለክቶ ብቻ ስንት ባይት እንደሚያስፈልግ ይነግርሃል፣ ማብቂያውን ዜሮ ሳይቆጥር። ለሰላም 9 ይልሃል። በዚህ የልኬት ጥሪ ላይ የምንጩ ፖይንተር አይንቀሳቀስም። የተመለሰው ቁጥር የስህተት ምልክት አለመሆኑን አይተህ 1 ደምርና ሚሞሪውን በማሎክ ያዝ፣ ኤምቢስቴቱን መልሰህ ዜሮ አድርግ፣ ሁለተኛውን ጥሪ ከነዜሮው ልክ፣ ማለትም በ10፣ ፈጽም። በመጨረሻ ፖይንተሩ ነል መሆኑን አረጋግጥ። አለቀ።

የስህተት ምልክቱ የራሱ ወጥመድ አለው፣ ሰርቨርህን የሚጥለውም እሱ ይመስለኛል። ፈንክሽኑ መቀየር ያቃተው ፊደል ሲገጥመው ኔጌቲቭ 1 ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ሳይዝ-ቲ በሚባለው የቁጥር ዓይነት ነው፣ ሳይዝ-ቲ ደግሞ ኔጌቲቭ አያውቅም። በ64 ቢት ማሽን ላይ ያ ኔጌቲቭ 1 የሚነበበው 18446744073709551615 ሆኖ ነው። «ከዜሮ ካነሰ» ብለህ የጻፍከው ፍተሻ መቼም እውነት አይሆንም። ይህንን ቁጥር ርዝመት ነው ብለህ ፋይል ላይ ለሚጽፈው ለኤፍራይት ከሰጠኸው ሚሞሪውን ሁሉ ሊጽፍ ይነሳና ይወድቃል። ልኬቱን በዚህ ሠርተህ 1 ደምረህ ማሎክ ብትጠራበት ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ 18446744073709551615 ላይ 1 ሲደመር ተመልሶ 0 ይሆናል፣ ሊኑክስ ላይ ያለው የሲ ላይብረሪ፣ ግሊብሲ፣ ለ0 ባይትም ነል ያልሆነ ፖይንተር ይሰጥሃል፣ አንተም ሚሞሪ አገኘሁ ብለህ ትቀጥላለህ። ፍተሻው መሆን ያለበት ወደ ሳይዝ-ቲ ከተቀየረ ኔጌቲቭ 1 ጋር በእኩል ምልክት ነው፣ ከመደመርህም በፊት። የስህተቱ ዓይነት የሚቀመጥበትን ኤርኖን ብታየው ኢኢልሴክ ይልሃል፣ ትርጉሙ «ይህ ፊደል በአሁኑ ኢንኮዲንግ ሊጻፍ አይችልም» ነው።

ታዲያ ሰርቨሩ ሰን ለምን እምቢ አለ? ሴትሎኬልን ጠርቻለሁ ብለሃል፣ አምንሃለሁ። ማንኛውም የሲ ፕሮግራም ሲነሳ ሎኬሉ ሲ የሚባለው ነው፤ ግሊብሲ በዚህ ሎኬል ውስጥ ከ127 በላይ ያለ ቁጥር አይቀበልም። ሴትሎኬልን በባዶ ስትሪንግ ስትጠራው ኤልሲ-ኦል፣ ኤልሲ-ሲታይፕ እና ላንግ የሚባሉትን የአካባቢ ተለዋዋጮች በዚህ ቅደም ተከተል ያያል። ላፕቶፕህ ላይ ተርሚናሉ ላንግን ሞልቶልሃል። ሰርቨሩ ላይ ፕሮግራሙ ያለ ተርሚናል፣ በክሮን፣ በሲስተምዲ ወይም በኮንቴይነር፣ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አንዱም የለም። ሴትሎኬል ምንም ካላገኘ ሲን ይወስድና ተሳካ ይልሃል። ነል አልመለሰም፣ አልዋሸምም፤ ሲ ራሱ ትክክለኛ ሎኬል ነውና። ነልን ብቻ የሚፈትሽ ኮድ እዚህ ያልፋል።

መፈተሽ ያለብህ ኢንኮዲንጉን ነው። የሎኬሉን መረጃ የሚነግርህን ፈንክሽን፣ ኤንኤል-ላንግኢንፎን፣ በኮድሴት ጠይቀው። ዩቲኤፍ-8 ካለ ደህና ነህ። ኤኤንኤስአይ ኤክስ 3.4-1968 የሚል ረጅም ስም ከሰጠህ አስኪ ላይ፣ የአማርኛ ፊደል በሌለው የቆየ ኢንኮዲንግ ላይ፣ ነህ ማለት ነው፤ ያኔ ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ሎኬል በስሙ ጠይቅ። ግሊብሲ በ2022 ከወጣው 2.35 ጀምሮ ይዞት ይመጣል፤ ዴቢያንና ተከታዮቹ ከዚያም በፊት ነበራቸው። እሱም ነል ከመለሰ ፕሮግራሙን ግልጽ መልእክት ሰጥተህ አስቁመው፣ ዝም ብሎ ባዶ ስም መዝገብ ላይ ከሚያስገባ።

አንዳንዱ ሰው አማርኛ ለመጻፍ የአማርኛውን ሎኬል፣ ኤኤም-ኢቲን፣ ማስጫን ግድ ይመስለዋል። አይደለም። ለዚህ ሥራ ከሎኬሉ የሚፈለገው ኢንኮዲንጉ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሎኬል በዩቲኤፍ-8 ከሆነ ሰላምን ያለ ምንም ችግር ይቀይራል። ኤኤም-ኢቲ የሚያስፈልግህ ቀንና ወርን በአማርኛ ለማተም ወይም ፊደል ተራ ለማስያዝ ስትፈልግ ነው።

ሴትሎኬልን ስትጠራም በኤልሲ-ኦል ሳይሆን በኤልሲ-ሲታይፕ ብቻ ጥራው። ኤልሲ-ኦል የቁጥሩንም አጻጻፍ ይለውጣል። ፕሮግራምህን ጀርመን ያለ ሰው በጀርመንኛ ሎኬል ካስነሳው 3.5 የነበረው በኮማ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ፋይሉን መልሶ የሚያነብ ሌላ ማሽንም ግራ ይጋባል። ጥሪው ደግሞ በሜይን መጀመሪያ ላይ አንዴ ይሁን። ሴትሎኬል የሚቀይረው ለመላው ፕሮሰስ ነው፤ ትሬዶች ከተነሱ በኋላ መነካካቱ ለመያዝ የሚያስቸግር ብልሽት ያመጣል። ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ኒውሎኬልንና ዩዝሎኬልን ይመልከት።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከየት መጣ ልትል ትችላለህ። አር የሌለበት ፈንክሽን ስታንዳርድ ውስጥ የገባው በ1989 ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ዩቲኤፍ-8ን ያወጡት በ1992 ነው፤ የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው። ፈንክሽኑን የነደፉት ሰዎች የትኛው ኢንኮዲንግ እንደሚያሸንፍ አያውቁም ነበርና ምርጫውን ለሎኬል ተዉት። ኤምቢስቴት-ቲም የዚያ ዘመን ውላጅ ነው፤ እንደ አይኤስኦ-2022-ጄፒ ያሉ የጃፓን ኢንኮዲንጎች መሐል ላይ ሁነታ ስለሚቀይሩ ያንን የሚያስታውስ ነገር አስፈልጓል። ለዩቲኤፍ-8 ጽሑፍ ዜሮ አድርገህ ማለፍ ይበቃል።

አሁን ያልጠየቅከኝን ልናገር። ፋይልህ ዩቲኤፍ-8፣ ተርሚናልህ ዩቲኤፍ-8፣ ዳታቤዝህ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ፣ ሊኑክስ ላይ ደብሊውቻር-ቲን መጀመሪያውኑ ለምን ያዝክ? ስሙን በቻር ተቀብለህ በቻር ብትጽፈው መቀየር የሚባል ነገር የለም። ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልገው ስትርስትር በዩቲኤፍ-8 ላይ ሳይሳሳት ይፈልጋል፤ በባይት ማነጻጸርም ከዩኒኮድ ቁጥር ተራ ጋር አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሰጣል። ፊደል መቁጠር ካስፈለገህ ከ128 እስከ 191 ያልሆኑትን ባይቶች ቁጠር፣ ይበቃሃል። እኔ ሊኑክስ ላይ ብቻ በሚሠራ አዲስ ኮድ ውስጥ ደብሊውቻር-ቲ ሳይ ምክንያቱን እጠይቃለሁ፣ ብዙ ጊዜም መልስ የለም። ከቆየ ላይብረሪ ጋር መነጋገር ግድ ሆኖብህ ከሆነ ግን ከላይ ያለው መንገድ ያስኬድሃል።

ከሎኬል ጨርሶ መገላገል የሚፈልግ ሰው መቀየሪያውን ራሱ ቢጽፍም አይበዛበትም። ከ128 በታች አንድ ባይት፣ ከ2048 በታች ሁለት፣ ከ65536 በታች ሦስት፣ እስከ 1114111 ድረስ አራት። ከ55296 እስከ 57343 ያለውን እምቢ በል፣ እሱ የፊደል ቦታ አይደለም። ነገር ግን «የኛ ፊደል ሦስት ባይት ነው» ብለህ 3ን በኮድህ ውስጥ ቋሚ አድርገህ አትቅበር። ለጉራጊኛ የተጨመሩ ፊደላት በ2021 በዩኒኮድ 14 ከ124896 ጀምሮ ባለው ሰፈር ገብተዋል፤ እነሱ አራት ባይት ናቸው።

መዝገብህ ቋሚ ስፋት ያላቸው ዓምዶች ካሉት ደግሞ ያው ፊደል የማይሰነጥቅ ጠባይ ይጠቅምሃል። ዓምዱ 30 ባይት ከሆነ 10 የአማርኛ ፊደል ይይዛል። አር ላለበት ፈንክሽን ልኩን 30 ስትሰጠው የሚገባውን ሙሉ ፊደል ብቻ ጽፎ ይቆማል፣ ፖይንተሩም ምን እንደቀረ ያሳይሃል። የተረፈውን ቦታ አንተ በዜሮ ወይም በክፍት ቦታ ትሞላዋለህ። ጽሑፍ የሚቀዳው ስትርኤንሲፒዋይ ግን በባይት ስለሚቆርጥ ላን መሐሏ ላይ ሊጥላት ይችላል።

ፕሮግራሙ ነገ ዊንዶውስ ላይ ከሄደ ነገሩ ይለያል። እዚያ ደብሊውቻር-ቲ 16 ቢት ነው፣ እነዚያ የጉራጊኛ ፊደላት በጥንድ ነው የሚያዙት። ዊንዶውስ ለአማርኛ የቆየ ኮድ ፔጅ (ዊንዶውስ ኢንኮዲንግን የሚጠራበት ስም ነው) ኖሮት አያውቅም፤ በሲስተሙ ኮድ ፔጅ ስትቀይር ስህተት ሳይነግርህ ሁሉንም ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጥልሃል። የዊንዶውስን የራሱን መቀየሪያ፣ ዋይድቻር-ቱ-መልቲባይትን፣ በኮድ ፔጅ 65001 ጥራው፣ እሱ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ከሎኬልም ጋር አይያያዝም። የምንጩን ርዝመት ኔጌቲቭ 1 ብለህ ከሰጠኸው የሚመልሰው ልክ ማብቂያውን ዜሮ ጨምሮ ነው፤ ለሰላም 10 ይልሃል እንጂ 9 አይልም። ከሊኑክሱ ኮድ ቀድተህ 1 እንዳትደምርበት።

ካስተካከልክ በኋላ በዓይንህ አይተህ አትርካ፣ ተርሚናል ብዙ ነገር ይደብቃል። ሰላም ብቻ የተጻፈበት ፋይል አውጣና ባይቶቹን ኦዲ በሚለው ትእዛዝ በአስርዮሽ እይ። 225 136 176 225 136 139 225 136 157 ካሳየህ ተስተካክሏል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች በኋላ ከዚህ የተለየ ነገር ከመጣ ባፈሩ ገና አጭር ነው። 63 ከደጋገመብህ መንገድ ላይ አንድ ሰው በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። በ195 161 ከጀመረ ደግሞ ጽሑፉ አስቀድሞ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሳለ ሁለተኛ ጊዜ ተቀይሯል፤ 225ን እንደ ፊደል ቆጥሮ በሁለት ባይት የጻፈው ማን እንደሆነ ፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ወደ ደብሊውቻር-ቲ ያነበበው ወገን ነው።